አንድ እንግዳ፣ ሁለት ሳጥን

ልጆቼ፣ የዚያን ከተማ ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ካልሄድን ትላላችሁ፤ መንገዱ ደግሞ ተበላሽቷል። እኔ ግማሽ ዕድሜዬን የኖርኩት እዚያ ነው። እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ጎረቤቴ ነበሩ። የሚለየን አንድ አጥር ነው፤ እሱንም ዶሮዎቼ ግማሹን ስላፈረሱት እዚያ ማዶ የሚነገረውን ሁሉ ሳልፈልግ እሰማ ነበር። ፈልጌ የሰማሁበትም ቀን አለ፤ አልዋሽም።

የዚያ ከተማ ሰው ከውጭ ለመጣ ሁሉ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «እንግዳ»። የሚያውቁት ቢመጣ እንግዳ ነው፣ የማያውቁት ቢመጣም እንግዳ ነው። የእህት ልጅ እንግዳ፣ መንገድ የጠፋበት ነጋዴ እንግዳ፣ ከላይ የተላከ መርማሪም እንግዳ። ለሁሉም ውሃ ይቀርባል፣ ለሁሉም መደብ ይለቀቃል። ማንነቱን መጠየቅ ግን ነውር ነው። እሱ ራሱ ካልጀመረው አገሩ አይነሣም፣ አባቱም አይነሣም። የመጪዎች ጽሕፈት ቤት የምትባል አንዲት ክፍል ነበረች፤ እዚያ የእንግዳ መዝገብ ይቀመጣል። ስም፣ ያረፈበት ቤት፣ የመጣበት ቀን፣ የሄደበት ቀን። በቃ፣ ሌላ የለውም።

ጓንጉል በዚያ መዝገብ ላይ ከተጻፈ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ወንፊት ጠጋኝ ነው። አንድ ቀን ወንፊቶቹን በጀርባው ደርድሮ በእኛ መንደር ሲያልፍ ጉልበቱ አበጠና እትዬ ደብሪቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። «ጉልበቴ እስኪሻለው ነው» አለ። ደጅ በኩል ያለችውን ክፍል ከፈቱለት። ጉልበቱ በአራተኛው ቀን ዳነ። በአምስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ዝናቡ ሲያባራ የእትዬ ደብሪቱ ጣሪያ ማፍሰሱ ታወቀ፤ የሚያፈስ ጣሪያ አይቶ መሄድ ደግሞ ለእንግዳ አያምርም። ጣሪያው ሲያልቅ መኸር ገባ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

ታዲያ በየዓመቱ መኸር ሲገባ ጓንጉል ወንፊቶቹን አስሮ ደጅ ላይ ያቆማል።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እንግዲህ ልሂድ መሰለኝ። አስቸገርኩዎት» ይላቸዋል።

«ምን አስቸኮለዎት፣ አቶ ጓንጉል» ይሉታል። «መንገዱ ጭቃ ነው።»

በመኸር ጭቃ የለም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ጓንጉል መንገዱን አየት ያደርግና «እውነትዎን ነው» ብሎ ወንፊቶቹን ይፈታል።

አንድ ቀን ከላይኛው መሥሪያ ቤት አዲስ ቅጽ መጣ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ላይኛው መሥሪያ ቤት ከእሱ በላይ ካለው ሲቀበለው እንግሊዝኛ ስለነበር፣ እንዳይበላሽ ብሎ እንዳለ አስተላለፈው። ቅጹ ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ ከሁለት ሳጥን በአንደኛው ምልክት ይደረግበት ይላል። አንደኛው ሳጥን «ጌስት» ነው፤ ሁለተኛው «ስትሬንጀር»። ጌስት የተባለ ይቆያል። ስትሬንጀር የተባለ ሐሙስ በሚመጣው የጭነት መኪና ወደ መጣበት ይመለሳል። የመጣበት ካልታወቀ እስከ መንገዱ ግማሽ ይሸኛል።

የመጪዎች ሹም አቶ እንግዳወርቅ ክፉ ሰው አልነበሩም። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ሲያዩ ብቻ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ቅጹን እንዲተረጉም ለጸሐፊያቸው ለይገርማል ሰጡት። ይገርማል ጠንቃቃ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ ተረጎመና አቀረበ። ሹሙ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ከውጭ የመጣ ሰው እንግዳ ወይም እንግዳ መሆኑ ይጣራ። እንግዳ ከሆነ ይቆይ። እንግዳ ከሆነ ግን ይመለስ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ይገርማል፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ትርጉሙ ነው፣ ጌታዬ።»

«የላኩልን ሁለት ቃል ነው እኮ።»

«ሁለት ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ አንድ ይሆናል።»

«አንደኛው ታዲያ የት ጠፋ?»

«አልጠፋም። ሁለቱም አንዱ ውስጥ ናቸው።»

ሹሙ አሰቡ። ይገርማል በዚህ መሀል በቅጹ ግርጌ የሹሙን ስም በእንግሊዝኛ ሊጽፍ ብዕሩን አነሣና ቆመ። «ይቅርታ፣ ጌታዬ፣ የእርስዎንስ ስም የትኛው ልበለው? ጌስት ወርቅ ነዎት ወይስ ስትሬንጀር ወርቅ?»

አቶ እንግዳወርቅ ስሙን ያወጡላቸው አያታቸው እንደነበሩ፣ አያታቸውም በሕይወት እንደሌሉ አስረዱ። የስሙ ቦታ ለጊዜው ባዶ ይቆይ ተባለ። ሰውዬው እንቅልፍ ያጡት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

በከተማው አንድ መዝገበ ቃላት ነበር፤ የትምህርት ቤቱ። ግማሹ ገጽ ግን ከፊት ከፊቱ እየተገነጠለ ቆሎ ሻጯ ዘንድ መጠቅለያ ሆኖ አልቋል። ስትሬንጀር ከኋላ በኩል ያለ ቃል ስለሆነ ተርፏል። ይገርማል ገልጦ አነበበ። «ስትሬንጀር፦ የማያውቁት ሰው።»

«ተገላገልን» አሉ ሹሙ። «የማያውቁት ከሆነ ስትሬንጀር ነው። የሚያውቁት ከሆነ የቀረው ሳጥን ይደርሰዋል።»

ከዚያ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ መልካም አልነበረም። አንድ ሰውዬ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣ ወንድሙን አሳዩትና «ያውቁታል?» ሲሉት «ኧረ እንዲህ ወፍሮ ማን ያውቀዋል» ብሎ ቀለደ። ወንድሙ ስትሬንጀር ተባለ። ቀልድ የሚገባበት ሳጥን አልነበረም። ባለፈው ሳምንት የተወለደ ሕፃንም መጪ ነው ተብሎ ተመረመረ፤ ከዚያ በፊት አይቼዋለሁ የሚል ምስክር ጠፋ። እናቱ «ዘጠኝ ወር ሙሉ ስጠብቀው ነበር» ብላ ስለተከራከረች ጌስት ተደረገ። እስከ መቼ እንደሚቆይ ሲጠይቋት «እሱ የፈቀደለትን ያህል» አለች ወደ ሰማይ እያየች። ይገርማል እንዳለ ጻፈው።

ሰውም ደነገጠ። እኔ ያልታወቅኩ እንደሆነስ እያለ እርስ በርሱ መጠያየቅ ጀመረ። መንገድ ላይ የሚያገኛችሁ ሰው «እንደምን ዋልክ፣ አያትህ ማን ነበሩ?» ይላችኋል። ለሃያ ዓመት ጸጉሬን የቆረጠኝ ሰው መቀሱን አንገቴ ላይ እንደያዘ የእናቴን አገር ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ሰኞ ዕለት እትዬ ደብሪቱ ቤት ደረሱ። ጓንጉል ስለ እሱ በሚነገርበት ቦታ መቀመጥ አሳፍሮት ወደ ጓሮ ሄደ። ሹሙ በርጩማ ተሰጣቸው፤ ይገርማል ቆሞ ይጽፋል።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቤቴ የኖሩ ሰው አላውቃቸው?»

«ደግ። የአባቱ ስም ማነው?»

እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አልጠየቅኋቸውም።»

«አገሩስ?»

«እሳቸው አላነሡት፤ እኔ እንዴት ብዬ ላንሣው?»

«ያኔ ሲመጣ ወዴት እየሄደ ነበር?»

«የታመመው ጉልበታቸው ነው እንጂ መንገዳቸው አይደለም። የጠየቅኋቸውም ጉልበታቸውን ነው።»

ሹሙ ተነፈሱ። «ታዲያ የሚያውቁት ምኑን ነው፣ እናቴ?»

እትዬ ደብሪቱ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ዱባ አይወዱም። ግን እኔን እንዳይከፋኝ ብለው ይበሉታል። ከውጭ ሲመጡ እንዳልደነግጥ በሩ ላይ ሁለቴ ያስላሉ። ጉንፋን ይዟቸው ሦስተኛ ካመለጠቻቸው ደግሞ 'ይቅርታ፣ ይቺ የራሴ ናት' ይላሉ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ዝም ይላሉ። ባለቤቴ ያረፈበትን ቀን እኔ እንኳ የምረሳው ጊዜ አለ፤ እሳቸው አይረሱም። በዚያን ቀን ሥራ አይነኩም፣ ለምን እንደሆነም አይናገሩም።»

ይገርማል ብዕሩን እንዳነሣ ቀረ። «ጌታዬ፣ ለሳሉ ቦታ አለው?»

«የለውም።»

«ለዱባውስ?»

«የለውም፣ ይገርማል።»

ሹሙ አንገታቸውን ደፍተው ራሳቸው ምልክቱን አደረጉ። ስትሬንጀር። ሐሙስ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ማክሰኞ ቆሎ ገዛሁ። ቆሎው የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው እንግሊዝኛ ነው፤ እኔም ፊደሉን በመጠኑ ስለምለይ ሮጬ ለይገርማል ሰጠሁት። የጠፋው ገጽ ነበር። እሱም ወደ ሹሙ ሮጠ፣ ሹሙም እትዬ ደብሪቱን አስጠሩ። ሁላችንም ደስ ብሎናል። ይገርማል የቆሎውን ብናኝ በእጅጌው ጠርጎ አነበበ።

«ጌስት፦ ተጠርቶ የመጣ፣ በሰው ቤት ለአጭር ጊዜ የሚያርፍ ሰው።»

«እሺ» አሉ ሹሙ ተስፋ አድርገው። «ማን ጠራው?»

«ጉልበታቸው» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«እሺ ይሁን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጭር ጊዜ ነው?»

«ለእኔ አጭር ነው።»

ሹሙ ቀስ ብለው፣ አጭር የሚለውን የሚለካው ጽሕፈት ቤቱ እንደሆነ ነገሯቸው። ሰውዬው ጌስትም አልሆነ ማለት ነው፤ ምልክቱ ግን አንዴ ተደርጓል። ሁለቱም ሳጥን ያልወሰደው ሰው መጀመሪያ የገባበት ይቆያል ተባለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጓንጉል ወንፊቶቹን አስሮ ደጅ ላይ አቆመ። እኔ አጥሩ ጥግ ነበርኩ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እንግዲህ ልሂድ መሰለኝ» አለ። «አስቸገርኩዎት።»

እትዬ ደብሪቱ አፋቸውን ከፈቱ። «መንገዱ» አሉና ዝም አሉ። መንገዱ ድርቅ ብሎ ይታያል።

«ቅር አይበልዎት» አለ ጓንጉል። «ሳስበው እውነታቸውን ነው። የአባቴን ስም እንኳ አልነገርኩዎትም። ይመር ነበር ስሙ።»

«ይመር» አሉ እትዬ ደብሪቱ። ቆየት ብለው፣ «ጥሩ ስም ነው። ነገ ሄጄ ብነግራቸውስ?»

«ተዉት። ለቅጹ ብዬ የነገርኩዎት እንዳይሆንብኝ። ለእርስዎ ነው የነገርኩት።»

እትዬ ደብሪቱ አይሂዱ ቢሉት ኖሮ ይቀር እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ግን በዚያ አገር ወግ እንግዳ ሂድም አይባል፣ ቅርም አይባል፤ ሁለቱም ማዘዝ ነው። እሳቸውም ሥርዓት አዋቂ ሴት ናቸው። ያን ዕለት ግን ሥርዓታቸው እንደ ጠባብ ቀሚስ ሲያስጨንቃቸው በዓይኔ አየሁ።

ሐሙስ ጠዋት ገና ሳይረፍድ ተነሡና «ናማ ተከተለኝ» አሉኝ። ተከተልኳቸው። ጽሕፈት ቤቱ ስንደርስ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይሉ፣ «ሰርዙልኝ» አሉ።

«ከየትኛው ሳጥን?» አሉ ሹሙ።

«ከመዝገቡ። እኚህ ሰው እንግዳ አይደሉም። ድሮም የተሳሳትነው እኛው ነን፤ የመጡ ቀን እንግዳ ብለን ጻፍናቸውና ረሳናቸው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ቤተኛ።»

ይገርማል ቅጹን ከላይ እስከ ታች ፈተሸ፣ ገልብጦም ጀርባውን አየ። «ጌታዬ፣ ለዚህኛው ቃል እንግሊዝኛ አልላኩልንም።»

ሹሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። «ካልላኩልን ሳጥን የለውም። ሳጥን ከሌለው ቅጹ አያገኘውም።» ወዲያው ደግሞ ግንባራቸው ተኮማተረ። «ግን ከእንግዳ መዝገብ ስም የሚሰረዘው የሄደበት ቀን ሲሞላ ነው። ሳይሄድ እንዴት ልሞላው?»

«ይሂዱና ይመለሱ» አልኩ እኔ።

«እሱማ ይሆናል። በከተማው በር ይውጣ፣ እኔ ቀኑን እሞላለሁ፣ እሱ ይመለስ። ሲመለስ ግን ዘበኛው 'ወዴት ነው?' ማለቱ አይቀርም። 'ወደ ቤት' ካለ የከተማው ሰው ነው፣ አይጻፍም። የሌላ ሰው ቤት ከጠራ ግን አዲስ እንግዳ ነው። አዲስ እንግዳ ከሆነ ቅጹ አለ፤ መኪናውም እዚያው በሩ ላይ ቆሟል።»

«ምን ይከብዳል ታዲያ፤ ወደ ቤት ማለት ነው» አልኩ።

እትዬ ደብሪቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሳቸው ይህን አይሉም። የት ነው የሚኖሩት ሲሏቸው እስከ ዛሬ 'እትዬ ደብሪቱ ቤት አርፌ ነው' ነው የሚሉት። ልቤ የፈራው እሱን ነው።»

ሌላ መንገድ ስላልነበረ ለጓንጉል ነገሩን አስረድተን ወደ በሩ ሄድን። እኩለ ቀን ላይ በሩ ዘንድ ሰው ተሰብስቧል። መኪናው ላይ ያ ወፍራሙ ወንድም ጓዙን ታቅፎ ተቀምጧል። በቀልዱ የተጸጸተው ወንድሙም እስከ ግማሽ መንገድ ልሸኘው ብሎ አብሮት ተጭኗል፤ ዳቦ እየቆረሰ ያጎርሰዋል።

ጓንጉል ወንፊቶቹን ተሸክሞ በበሩ ወጣ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄደና ዞር ብሎ ቆመ። ሹሙ ቀኑን ጻፉ፣ በስሙም ላይ መስመር አሰመሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየች ባዶ ቦታ ስትሞላ ሲያዩ እፎይ አሉ፤ ሰው ናቸውና።

ጓንጉል ተመልሶ በሩ ላይ ደረሰ። ዘበኛው በደንብ ያውቀዋል፤ የእናቱን ወንፊት ሦስት ጊዜ ጠግኖላቸዋል። ግን ሕግ ነው።

«ወዴት ነው?» አለው።

ጓንጉል አፉን ከፈተ። «እትዬ ደብ...»

ዘበኛው ቶሎ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነፋሱ አላሰማኝም። ወዴት ነው?»

ነፋስ አልነበረም። ጓንጉል መሬት መሬቱን እያየ ቆየ። ቀስ ብሎም፣ «የሰውን ቤት የራሴ ነው ብዬ እንዴት እናገራለሁ» አለ።

የመኪናው ሞተር ተነሣ። ሹሙ ወደ እትዬ ደብሪቱ ዞሩ። «እባክዎ እናቴ፣ 'ቤትዎ ነው' ይበሉትና እንገላገል።»

«እሱንማ ስል ነው የኖርኩት» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ማዕድ በቀረበ ቁጥር 'ይጫወቱ፣ ቤትዎ ነው' እላቸዋለሁ። ቤትዎ ነው የሚባለው እኮ ለእን...»

አልጨረሱትም። ለማን እንደሚባል ሁላችንም ገባን። እሳቸውም ቆመው ጓንጉልን አዩት። መኪናውን አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩት።

«አንተ ጓንጉል» አሉ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንቱ ሲሉት የኖሩ ሴት ናቸው። ዘበኛው እንኳ ተነሥቶ ቆመ።

«እዚያ ተገትረህ የምትውለው እስከ መቼ ነው? ምሳው ቀዘቀዘ እኮ። እንስራውን ባዶውን ትተኸው ነው የወጣኸው፤ እኔ ነኝ አሁን ውሃ የምቀዳው? ሰዎቹም ሥራ አለባቸው፣ እኔም ሥራ አለብኝ። በል ና።»

ጓንጉል ክው ብሎ ቀረ። መጀመሪያ ከኋላው ሌላ ጓንጉል የሚባል ሰው የቆመ መስሎት ዞሮ አየ። ማንም የለም። ቀጥሎ ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣ፤ ደስታ ነው እንዳልል ተበሳጭቷል፣ ብስጭት ነው እንዳልል ዓይኑ ሞልቷል።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አለ። ወደ ዘበኛው ዞሮም፣ «አሳልፈኛ፣ ወንድሜ። ስትቆጣኝ አልሰማህም? ወደ ቤት ነኝ።»

ዘበኛው ዘወር ብሎ አሳለፈው።

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ ጌታዬ?» አለ ይገርማል።

«ምንም» አሉ አቶ እንግዳወርቅ። ባዶ ገጹን አይተው ምንም ሲሉ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለቱ ስለ እንስራው እየተነታረኩ ከፊት ከፊት ሄዱ፤ እኔ ከኋላ ተከተልኳቸው። ቤት ሲገቡ ጓንጉል ወንፊቶቹን አወረደና በቀጥታ ወደ ድስቱ ሄዶ ከፈተው። ባዶ ነው። እትዬ ደብሪቱ ከጠዋት ጀምሮ ከኔ ጋር ስለነበሩ ምን ያበስላሉ።

«ምሳው ቀዘቀዘ ብለሽ አልነበር?» ሲል ሰማሁት።

«ቀዝቅዟል እኮ» አሉት። «ምድጃውን ዳስሰው እስኪ፣ በረዶ ነው። በል እንጨት ፍለጥ።»